ኤልኤም393 አውትፑቱ ዜሮ ላይ ቀረ፣ ተቃጥሎ ነው?

ጀማሪው፦
ሰላም ጓዶች፣ ጨለማ ሲሆን ኤልኢዲ የሚያበራ ሰርኪዩት እየሰራሁ ነበር። ኤልዲአሩ (ብርሃን ሲበዛ ሬዚስታንሱ የሚቀንሰው ሬዚስተር) ከ5 ቮልት ወደ ቺፑ ማይነስ ኢንፑት፣ ከዛ በ10 ኪሎ ኦም ወደ ግራውንድ፣ ፕላሱ ላይ ደግሞ በሁለት 20 ኪሎ 2.5 ቮልት ሰጠሁት። መጀመሪያ ኤልኤም358 የሚባለውን ኦፕ አምፕ (ማጉያ ቺፕ) ነበር የሰካሁት፣ ኤልኢዲው ከነሬዚስተሩ አውትፑትና ግራውንድ መሃል ሆኖ በደንብ በራ። ከዛ ለዚህ ሥራ ኮምፓራተር (የሁለቱን ኢንፑት ቮልቴጅ የሚያወዳድር ቺፕ) ይሻላል ሲባል ሰማሁና ፒኖቹም አንድ ስለሆኑ ነቅዬ 393 ሰካሁበት፣ ጭጭ አለ። ኢንፑቶቹን ስለካቸው ልክ ናቸው፣ አውትፑቱ ግን ብሸፍነውም ባበራበትም ዜሮ። በአዲስ ቀየርኩት፣ ያው ነው። ሁለቱም ተቃጥለው ነው?

ሽቦ በጣሹ፦
ኧረ አልተቃጠለም አትጣለው 😄 የ393 አውትፑት ኦፕን ኮሌክተር ነው፣ ማለትም ውስጡ ያለው ትራንዚስተር ወደ ግራውንድ መጎተት ብቻ ነው የሚችለው፣ ወደ ላይ የሚገፋ ነገር የለውም። ፕላሱ ሲበልጥ ትራንዚስተሩ ይዘጋና ፒኑ እንዲሁ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከአውትፑቱ ወደ 5 ቮልት 10 ኪሎ ፑል አፕ (ትራንዚስተሩ ሲዘጋ ፒኑን ወደ ላይ የሚስብ ሬዚስተር) አድርግበት።

ጀማሪው፦
አደረኩ፣ ኤልኢዲውን ሳነሳው 5 ቮልት ያሳያል ተመስገን፣ ስመልሰው ግን ወደ 1.8 ይወርድና ብርሃኑ አለ ከማለት የለም ይሻላል።

ሽቦ በጣሹ፦
አዎ እሱ እኮ አሁን ካረንት የሚያገኘው በ10 ኪሎው በኩል ብቻ ነው፣ 3.2 ቮልት ለ10 ኪሎ ስታካፍለው 0.32 ሚሊአምፕ፣ በዛ ምን ሊበራ። ገልብጠው፦ ከ5 ቮልት በ1 ኪሎ ወደ ኤልኢዲ፣ ከዛ ወደ አውትፑት። ታዲያ አሁን የሚበራው አውትፑቱ ዝቅ ሲል ስለሆነ ሥራው ይገለበጥብሃል፣ ኢንፑቶቹን አቀያይራቸው።

ማታ ሶልደር፦
ኢንፑቱን ከማቀያየር ኤልዲአሩንና 10 ኪሎውን ቦታ ብታለዋውጥ ይሻልሃል፣ ምክንያቱም ሲመሽ ብርሃኑ ቀስ እያለ 2.5 ቮልቱ ጋ ሲደርስ ኤልኢዲው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ያኔ ከአውትፑቱ ወደ ፕላስ 1 ሜጋ ኦም ትጨምራለህ። ሁለቱ 20 ኪሎ በፓራለል እንደ 10 ኪሎ ስለሚታዩ ወደ 50 ሚሊቮልት ሂስተሪሲስ (በሚበራበትና በሚጠፋበት ቮልቴጅ መሃል ያለ ልዩነት) ይሰጥሃል፣ ፕላሱ ላይ ኤልዲአር ቢሆን ኖሮ ግን ይሄ ቁጥር ከብርሃኑ ጋር ይዋዥቅ ነበር። ፑል አፑንም እንዳታነሳው፣ ኤልኢዲው ብቻውን አውትፑቱን እስከ 5 ቮልት በደንብ አይስበውም።
ደግሞ ኦፕን ኮሌክተር ጉድለት አይምሰልህ፣ እኔ እንደውም ለዚህ ነው የምወደው፦ ቺፑን በ12 ቮልት እያሰራህ ፑል አፑን ወደ 3.3 ካደረግከው ቀጥታ ማይክሮኮንትሮለር ውስጥ ይገባል፣ የሁለት ኮምፓራተር አውትፑትም አንድ ላይ አስረህ በአንድ ፑል አፕ ትጠቀማለህ፣ አንዱ ዝቅ ካደረገው ዝቅ ነው። 358 ላይ እንዲህ ብታስር ግን አንዱ ሲገፋ ሌላው ሲጎትት ይጣላሉ።

ጀማሪው፦
ሠራ!! በ1 ሜጋው ደግሞ መንቀጥቀጡ ቀጥ አለ። በኤልኢዲው ቦታ ሪሌይ ባደርግስ?

ሽቦ በጣሹ፦
ቀጥታ አይሆንም፣ ዳታሺቱ ዋስትና የሚሰጥህ 6 ሚሊአምፕ ነው፣ ብዙ ሪሌይ ደግሞ አሥር እጥፉን ይፈልጋል። መሃል ላይ ትራንዚስተር፣ ኮይሉ ላይ ዳዮድ። የማትጠቀምበትን የ393 ሁለተኛ ኮምፓራተር ኢንፑቶችም ግራውንድ አድርጋቸው፣ ተንጠልጥለው አይቅሩ።