የአጥንት ስካን ላይ ጨጓራና ታይሮይድ አብረው በሩ

ጥያቄ፦
ሰኞ ጠዋት ከአንድ የኤምዲፒ (አጥንት ላይ የሚያርፍ የስካን መድኃኒት) ቫያል (ትንሽ ጠርሙስ) ሦስት ታካሚዎች ተወግተው ነበር። አጥንቱ ደህና ነው የሚታየው፤ ነገር ግን በሦስቱም ላይ ጨጓራ፣ ታይሮይድና የምራቅ እጢ በርተዋል። ኪቱ (ራዲዮአክቲቭ ቴክኒሺየም የሚጨመርበት የኤምዲፒ ዝግጅት) ጊዜው አላለፈበትም። ጥፋቱ የካሜራው ነው ወይስ የቫያሉ?

መልስ 1፦
ካሜራውን ተዉት። በአንድ ታካሚ ጨጓራ ብቻ ቢበራ ኖሮ በደም ውስጥ የካልሲየም መብዛትም ይጠረጠራል። ሦስቱም ላይ ሦስቱ ቦታ ከታየ ግን ያልተያያዘ ፐርቴክኔቴት (ከኤምዲፒው ጋር ያልተጣመረ ቴክኒሺየም) ነው። ኪቱ ውስጥ ያለው ጥቂት ስታነስ ቲን (የቆርቆሮ ጨው) ቴክኒሺየሙን ካልቀየረው ኤምዲፒው አይዘውም። ቲኑን የሚገድለው ኦክስጅን ነው፤ ስለዚህ ቫያሉ ውስጥ አየር አይገባም፣ የአየር ማስተንፈሻ መርፌም አይሰካም። 5 ሚሊ ሊትር ፐርቴክኔቴት ከጨመራችሁ፣ መርፌውን ሳትነቅሉ በዚያው ሲሪንጅ 5 ሚሊ ሊትር ጋዝ መልሳችሁ ሳቡ።

መልስ 2፦
«ሰኞ» የሚለው አያልፈኝም። ጄኔሬተሩ (ለካሜራ የሚታየው ቴክኒሺየም 99m የሚወጣበት መሣሪያ) ከዓርብ ጀምሮ ካልተነካ፣ ውስጡ የተከማቸው አብዛኛው ቴክኒሺየም 99 ሆኗል። ጋማ ካሜራው አያየውም፣ ቲኑን ግን እኩል ይሻማል። የሰኞውን የመጀመሪያ ምርት ለታይሮይድ ስካን አውሉት፤ ለኪት ደግሞ ከጥቂት ሰዓት በኋላ እንደገና አውጡ። በ6 ሰዓት ውስጥ ግማሽ ገደማ ይተካል።

መልስ 3፦
ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ግን ከመወጋቱ በፊት መታወቅ ነበረበት። ከስትሪፑ (የመፈተሻ ወረቀት) ግርጌ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ትንሽ ጠብታ አኑሩ፣ ሳይደርቅ አሴቶን ውስጥ አቁሙ። አሴቶኑ ከጠብታው በታች መሆን አለበት። ያልተያያዘው ወደ ላይ ይወጣል፣ ኤምዲፒው ከታች ይቀራል። መሃል ላይ ቆርጣችሁ የሁለቱን ጨረር ለየብቻ ቁጠሩ። ጠብታው ከበዛ ቆጣሪው ይጨናነቅና የታችኛውን አሳንሶ ያሳያችኋል።

ጠያቂ፦
ከቫያሉ የቀረችውን ሞከርኩ፦ ላይ 3,100፣ ታች 18,900።

መልስ 3፦
3,100ን ለ22,000 አካፍሉ፤ 14 በመቶ ያልተያያዘ ነው። ከ10 በላይ ከሆነ ቫያሉ አይወጋም፤ ለይታችሁ እርሳስ መከለያ ውስጥ አስቀምጡት። ስካኑ ይደገም አይደገም የሚወስነው ሐኪሙ ስለሆነ ቁጥሩን ከምስሉ ጋር ስጡት።