ክርክር፦ «ሥራሽን ልቀቂና አገልግዪ» የተባለች እህታችን ትልቀቅ?

ሰብሳቢው፦ ሰላም የሰፈር ልጆች። ዶሮ ማነቂያ ፈርሶ ከተበተንን ወዲህ እዚህ ግሩፕ ላይ የሚወራው የለቅሶና የሠርግ ወሬ ብቻ ሆኗል። ዛሬ እንከራከር። አንዷ እህታችን ጥያቄ አላት፣ ራሷ ትጽፈዋለች። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም አለን። ሌላውን «መናፍቅ» ያለ ሰው ይወጣል። ባለፈው የሆነውን ታውቃላችሁ።

ሂሳብ ሠራተኛዋ፦ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ሂሳብ እሠራለሁ። 8 ዓመቴ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ አርብ የአዳር ጸሎት ላይ፣ አንድ እንግዳ አገልጋይ ከሕዝቡ መሃል አስነሳኝ። «ቁጥር ስትቆጥሪ ኖረሻል፤ ከእንግዲህ ነፍስ ትቆጥሪያለሽ። ጌታ ለሙሉ ጊዜ አገልግሎት ይፈልግሻል» አለኝ። ስለ ሥራዬ ምንም አልነገርኩትም። አለቀስኩ። አሁን ቢሮ ስገባ ሆዴ ይረበሻል። ባለቤቴ ኮንትራት ሠራተኛ ነው። ሁለት ልጆች አሉን፣ እናቴም እኛ ጋ ናት። ልልቀቅ?

ዘማሪው፦ እህቴ፣ ይሄ ምን ጥያቄ አለው? ጴጥሮስና እንድርያስ መረባቸውን ወዲያው ትተው ነው የተከተሉት። ማቴዎስ ከመቅረጫው ተነሣ፣ እሱም እንዳንቺ የሂሳብ ሰው ነበር። የወር አስቤዛ አስልቶ አልተነሣም። ቄስ ጉዲና ቱምሳን ውሰዱ። መጀመሪያ ነቀምት ሆስፒታል ድሬሰር ነበሩ። ቁስል ማጠብ መጥፎ ሥራ ነው? አይደለም። ግን እዚያው ቢቀሩ መካነ ኢየሱስ ያንን መሪ ከየት ታመጣ ነበር? በ1971 ደርግ እስኪገድላቸው ድረስ መንጋቸውን ትተው አልሸሹም። እኔም ባንክ ቤት ነበርኩ። ለቅቄ ወጣሁ፣ አልተራብኩም።

ላዳ፦ አልተራብክም ወንድሜ። ግን ዕቁብህን ስንት ወር ማን እንደጣለልህ እናውቃለን። በፍቅር ነው።

ነርሷ፦ ከሌሊት ተራ ወጥቼ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብሳሳት ይቅርታ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ «ሙሉ ጊዜ» የሚባለው ቃል ነው። እኔ ታዲያ ትርፍ ጊዜ ነኝ? ዘጸአት 31 ላይ እግዚአብሔር «በመንፈሴ ሞላሁት» የሚለው ስለ ማን እንደሆነ አንብቡ። ስለ ባስልኤል ነው። ካህን አይደለም፣ ነቢይም አይደለም። ወርቅ የሚያነጥር፣ እንጨት የሚጠርብ ባለሙያ ነው። ጳውሎስም ቆሮንቶስ ላይ ድንኳን እየሰፋ ነበር የሚበላው። ትናንት ሌሊት አንዲት እናት እጄን ይዛ አደረች። ማይክ አልነበረም፣ «አሜን» የሚል ሰውም አልነበረም።

ዘማሪው፦ ነርሷ፣ ሥራሽን ማንም አልናቀም። ግን ሁሉ ነገር ጥሪ ከሆነ ጥሪ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው። አሞጽ እረኛ ነበር፤ «በጎችን ከመከተል ወሰደኝ» ይላል። አንዳንዱን ይወስዳል እኮ! እሱን ደግሞ አትከልክሉ።

ሰንበት ተማሪው፦ እዚህ ላይ ከዘማሪው ጋር ነኝ። አትደንግጡ። እኛም ጋ ሁሉን ትቶ የሚመንን አለ። ጥያቄው «ማን አየው?» ነው። ባለትዳር ሰው ሄዶ «ልመንን ነው» ቢል የንስሐ አባቱ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ሚስትህ ምን አለች?» ነው። ብቻውን የሆነ ሰው ገዳም ቢገባም በማግስቱ ቆብ አይደፋም። አመክሮ አለ። ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ይታዘዛል። ጠባዩ ይታያል። ሳሙኤልን አስታውሱ። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ሦስቱንም ጊዜ ዔሊ የጠራው መስሎት ሮጠ። ቤተ መቅደስ ውስጥ የሚተኛ ልጅ እንዲህ ከተሳሳተ፣ በስፒከር ጩኸት መሃል የሰማነውን ትንሽ ብንቆይበት ምን እንጎዳለን?

ዘማሪው፦ ስፒከሩን ተወው። እናንተስ ጋ በአራት አቅጣጫ አይደል እንዴ የምትለቁት?

ሰብሳቢው፦ የድምፅ ማጉያ ክርክር ሌላ ቀን። ይህንን ከጀመርን ፋሲካ ይደርሳል።

ላዳ፦ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። ያ ሰውዬ ልጆችሽን ያውቃቸዋል? ነገ ነገር ቢበላሽ ስልኩን ያነሳልሻል?

ሂሳብ ሠራተኛዋ፦ እንግዳ ነበር አልኩ እኮ። ወደ ክፍለ ሀገር ተመልሷል። ስልኩ የለኝም።

ጠበቃው፦ እኔ ደረቁን ነገር ልበል። በአዋጅ 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ስለዚህ «ጌታ ተናገረኝ» ብለሽ ነገ እንዳትቀሪ። በየወሩ ለጡረታ ካንቺ 7፣ ከአሠሪሽ 11 በመቶ ሲገባ የነበረውም ይቆማል። ጌዴዎን ጥሪውን ለማረጋገጥ ምልክት ፈልጎ የበግ ጠጉሩን ሁለት ሌሊት ነው ያሰጣው። አንቺን ሕጉ ራሱ 30 ሌሊት ሰጥቶሻል።

ጋሼ፦ ልጄ፣ ሁሉንም አነበብኩ። «አሁን ቢሮ ስገባ ሆዴ ይረበሻል» ብለሻል። ከዚያ አርብ በፊትስ ደህና ነበርሽ?

ሰብሳቢው፦ ጋሼ ከጠየቁ ግማሽ ቀን አለፈ። እህታችን፣ ካልፈለግሽ አትመልሺ።

ሂሳብ ሠራተኛዋ፦ እመልሳለሁ። ጋሼ፣ ደህና አልነበርኩም። ከነሐሴ ጀምሮ አለቃዬ ያለ ደረሰኝ የተሸጠውን በሌላ ደብተር እንድይዝ አዘዘኝ። ደንበኛው 15 በመቶ ቫቱን ከፍሏል፣ ለመንግሥት ግን አይገባም። በየወሩ ቅጹ ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ። የነሐሴን፣ የመስከረምን፣ የጥቅምትን ፈረምኩ። ባለቤቴ እንኳን አያውቅም። ሰውዬው «ቁጥር ስትቆጥሪ ኖረሻል» ሲለኝ ያለቀስኩት ለዚህ ይመስለኛል። መውጫ በር የተከፈተልኝ መሰለኝ።

ነርሷ፦ ወይኔ እህቴ። ሦስት ወር ብቻሽን?

ዘማሪው፦ ታዲያ ይኸው! እግዚአብሔር ሊያወጣሽ ነው የተናገረው። ልቀቂ አልኩ፣ ልቀቂ።

ሰንበት ተማሪው፦ ሊሆን ይችላል። ግን ሉቃስ 3ን አንብቡት፣ ለእሷ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ቀራጮች ዮሐንስ መጥምቅ ጋ መጥተው «ምን እናድርግ?» አሉት። ሥራችሁን ልቀቁ አላላቸውም። «ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ» ነው ያላቸው። ወታደሮቹንም ግፍ አትሥሩ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አለ። እዚያው ወንበራቸው ላይ ማለት ነው። ደግሞ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ያለውን የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት ስንቴ አልፈነዋል? በ1928 ጣሊያን ብዙ ነገር አልጠየቃቸውም። አርበኞቹን አውግዙ ነው ያላቸው። እምቢ አሉ፣ ተረሸኑ። ያቺን ቀን አዲስ ሥራ አልተሰጣቸውም። ጳጳስ ነበሩ፤ የጳጳስ ሥራቸውን ነው የሠሩት።

ላዳ፦ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ አቡነ ጴጥሮስ የሁለት ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ አልነበረባቸውም። እምቢ ካለች ትባረራለች። እኔ እንኳን አንድ ጆንያ ጤፍ ለመግዛት ስንት ቀን እነዳለሁ። ለእናንተ ቀላል ነው።

ሰንበት ተማሪው፦ ቀላል ነው አላልኩም። ይህኛው ላይ መልስ የለኝም።

ጠበቃው፦ እኔ የምጨምረው፣ ፊርማው ያንቺ ስለሆነ ነገሩ አንቺንም ይነካል። ዝም ብለሽ ለቀሽ ብትወጪ ሦስቱ ወራት አብረውሽ ይወጣሉ።

ጋሼ፦ በደርግ ጊዜ አስተማሪ ነበርኩ። የአንድ ሹም ልጅ ውጤት አስተካክል ተባልኩ። አስተካከልኩ። በዚያው ክረምት ከትምህርት ቤቱ ዝውውር ጠየቅሁ። ለሚስቴም ለወንጌል ቅርብ ልሁን ብዬ ነው አልኳት። ዝውውሩ ተሳካ። 20 ዓመት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኜ አገለገልኩ፣ ሰው አጋባሁ፣ ሰው ቀበርኩ። በሱ ቦታ የወደቀውን ልጅ ስም ግን እስካሁን አስታውሰዋለሁ። ይህንን ለማንም አውርቼው አላውቅም። አሁን ጻፍኩት።

ነርሷ፦ ጋሼ…

ዘማሪው፦ ጋሼ፣ እኔ እንግዲህ ዝም ልበል።

ጋሼ፦ ዝም አትበል ልጄ። ያልከው ልክ ሊሆን ይችላል። ይህችን ልጅ ለአገልግሎት ሊፈልጋት ይችላል። መጀመሪያ ግን ለባሏ ትንገረው።

ሂሳብ ሠራተኛዋ፦ ትናንት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። «ስለዚህ ነው እንቅልፍ ያጣሽው?» ብሎኝ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ተነስቶ ሻይ ጣደ። ሥራ መልቀቁን ገና አልወሰንንም። ስለ አገልግሎቱ ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች እናማክራለን ተባባልን፤ እነሱ ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁኛል። የኅዳር ሂሳብ ማክሰኞ ይዘጋል። እሱን አልፈርምም። ለአለቃዬ ሰኞ እነግረዋለሁ። ጠበቃው፣ ከዚያ በፊት ልደውልልህ እችላለሁ?

ጠበቃው፦ አሁን ደውዪ። የፈረምሻቸውን ቅጾች ኮፒ አጠገብሽ አድርጊ።

ዘማሪው፦ እኔ አሁንም ተጠርታለች ነው የምለው።

ላዳ፦ እሺ ተጠርታለች። ከተባረረች ልጆቹን ጠዋት ጠዋት እኔ አደርሳቸዋለሁ፣ ሂሳብ የለውም። ማታ ማታ ደግሞ አንተ ታመጣቸዋለህ።

ዘማሪው፦ መኪና የለኝም እኮ።

ላዳ፦ በእግር። ካዛንቺስ ናቸው፣ ሩቅ አይደለም።