ልጄ 18 ዓመት ሊሞላው ነው፤ ዲፕሎማውን ይቀበል ወይስ ይቆይ?

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ እናት፣ ቨርጂኒያ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ኦቲዝም ያለበት ልጄ በጥር 18 ዓመት ይሞላዋል። በሱቃችን እንጀራውን አሥር አሥር እየቆጠረ በከረጢት ያስገባል፤ ተሳስቶ አያውቅም። ደንበኛ በዝቶ ጫጫታው ሲያይል ግን ጆሮውን በእጆቹ ደፍኖ ወደ ጓዳ ይገባል። ባለፈው የአይ ኢ ፒ (የልጁ የግል የትምህርት ዕቅድ) ስብሰባ መምህራኑ ለመመረቅ ከሚያስፈልጉት የትምህርት ነጥቦች ሁለት ክሬዲት ብቻ እንደቀረውና በሰኔ ስታንዳርድ (መደበኛውን የሁለተኛ ደረጃ) ዲፕሎማውን ሊወስድ እንደሚችል ነገሩኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ከሰኔ በኋላ ጠዋት ተነሥቶ የት እንደሚሄድ የነገረኝ ሰው የለም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1፦ የአንዲት ተመራቂ አባት

እኅቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። በቨርጂኒያ የልዩ ፍላጎት ትምህርት እስከ 21 ዓመት ይዘልቃል፤ ተማሪው ስታንዳርድ ዲፕሎማ ከተቀበለ ግን መብቱ በዚያው ቀን ያበቃል። እኛ ይህን ሳናውቅ ቸኮልን። በማግሥቱ ዓመት ትምህርት በተከፈተ ዕለት ልጄ ቦርሳዋን አንግታ ቢጫውን አውቶቡስ ስትጠብቅ ፌርማታው ላይ አገኘኋት። ክሬዲቱ ከተሟላ በኋላ ጊዜ ልጠይቅ ማለት እጅግ ስለሚከብድ፣ የቀሩት ሁለቱ በምን ፍጥነት እንደሚሰጡ አሁኑኑ ስብሰባ አስጠርተው ይነጋገሩ።

መልስ 2፦ የልዩ ፍላጎት ረዳት መምህርት

በተባለው እስማማለሁ፤ ይሁን እንጂ መቆየት ብቻውን ዕቅድ አይደለም። ስቴቱ አካል ጉዳተኞችን ለሥራ የሚያበቃበት ዳርስ የተባለ መሥሪያ ቤት አለውና ልጅዎ ገና ተማሪ ሳለ ማመልከት ይችላል፤ አማካሪው በስብሰባው እንዲገኝም ይጠይቁ። ፕሮጀክት ሰርች ስለሚባለው መርሐ ግብርም ያንሡ፤ በመጨረሻው የትምህርት ዓመት ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ በሆስፒታል ውስጥ እየተዘዋወሩ ሥራ ይለማመዱበታል፤ ቆጥሮ ለማይሳሳት ልጅ የዕቃ ግምጃ ቤት ሥራ የሚስማማው ይመስለኛል። አካል ጉዳተኞች በቤታቸውና በአካባቢያቸው ድጋፍ እንዲያገኙ የሚከፍለው የሜዲኬይድ ዌይቨር ወረፋ ዓመታት ስለሚፈጅ በአካባቢዎ የማኅበረሰብ አገልግሎት ቦርድ ዛሬውኑ ያስመዝግቡት።

18 ሲሞላው በትምህርት ጉዳይ የመወሰን መብት ከእርስዎ ወደ እሱ ይተላለፋል። ብዙ ወላጆች ደንግጠው ወደ ፍርድ ቤት ለሞግዚትነት ይሮጣሉ፤ ሞግዚትነት ግን የልጁን መብት የሚነጥቅ ስለሆነ አስቀድመው ውክልና ወይም የውሳኔ ድጋፍ ስምምነት (ልጁ ራሱ እየወሰነ የሚያግዙትን ሰዎች የሚመርጥበት) ይበቃው እንደሆነ ያጣሩ። ኤስ ኤስ አይ ለሚባለው፣ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ አካል ጉዳተኞች ለሚሰጠው ወርኃዊ የመንግሥት ድጎማ ሲያመለክትም ከ18 ዓመት በኋላ የወላጅ ገቢ አይታሰብበትም፤ ዜጋ ካልሆነ ግን ደንቡ ጥብቅ ነው። ለስብሰባው የአማርኛ አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። ስለ ወደፊት ሕይወቱ ሲመከር ልጁ ራሱም መጠራት አለበት።

የጠያቂዋ ምላሽ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስብሰባው ከነአስተርጓሚው እንዲጠራልኝ ዛሬ በጽሑፍ ጠይቄአለሁ። ልጄንም ይዤው እገባለሁ፤ እስካሁን እሱ በሌለበት ነበር ስለ እሱ ስንወስን የኖርነው። ማታ እንጀራ ሲያሽግ የት መሥራት እንደሚፈልግ ብጠይቀው፣ እጁን ሳያቆም «ጸጥ ያለ ቦታ» አለኝ።