ዕቁብ ወጥቶልኝ ሥዕልና ቅርጽ መሰብሰብ ልጀምር ነው፤ ከእነዚህ አራቱ የቱን ልግዛ? (ሀዋሳ)

የአቶቴ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሀዋሳ ነው የምኖረው። ሥዕል ነፍሴ ነው፤ ግድግዳዬ ላይ ያለው ግን እስካሁን ካላንደር ብቻ ነው። አሁን ዕቁብ ወጥቶልኝ 30 ሺህ ብር ለዚሁ ጉዳይ ለይቻለሁ። ሐሳቤ የተለያየ ዘመን ሥራ ቀስ በቀስ መሰብሰብ ነው።

አንድ እቃ የሚያዞር ሰው አራት ነገር አሳይቶኛል። አንዱ ብራና ላይ የተሳለ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። «200 ዓመት አልፎታል» ይላል፣ 22 ሺህ ጠራልኝ። ሁለተኛው የአፍሪካ አዳራሹ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል በወረቀት ታትሞ፣ ፍሬም ገብቶ፣ «ኦሪጅናል ህትመት» ተብሎ 9 ሺህ። ሦስተኛው በእንጨት ተቀርጾ የታተመ ጥቁርና ነጭ ሥራ፤ የገበያ ሴቶች ናቸው፣ ከታች በእርሳስ 7/25 ተጽፎበት ፊርማ አለው፣ 6 ሺህ ተኩል። አራተኛው ከኮንሶ የመጣ ትልቅ የእንጨት ምስል ነው። የዚህን ስንት እንደሆነ «ስትወስኚ እነግርሻለሁ» ነው ያለኝ።

እስከ ቅዳሜ ካልከፈልኩ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነው። እውነቱን ለመናገር ልቤ ብራናው ላይ ነው። ካናዳ ያለችው እህቴም አይታው «ለእኔም ፈልጊልኝ፣ ስመጣ እወስዳለሁ» ብላለች። የቱን ልያዝ? ደግሞ ቤቴ ሐይቁ አጠገብ ስለሆነ ክረምት ላይ ግድግዳው ይረጥባል፣ ለዚህስ ምን ይሻላል?

ብሩሽና ቡና፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ይሄ «እስከ ቅዳሜ» የሚባለውን ነገር እርሺው። 200 ዓመት የቆየ ነገር አንድ ሳምንት መቆየት አያቅተውም።

የመስታወቱን ነገር በአጭሩ። አፈወርቅ ተክሌ የሠራው መስታወት አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ነው ያለው፣ 150 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። የእሱ ወረቀት ፎቶ ተነስቶ የታተመ ፖስተር ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ስልክሽን አስጠግተሽ አጉልተሽ እዪው፤ ቀለሙ ወደ ጥቃቅን ባለቀለም ነጠብጣብ ከተበታተነ ማተሚያ ቤት የወጣ ነው። ለሳሎን ያምራል፣ ግን 9 ሺህ ብር ያወጣሽው ለፍሬሙ ነው ማለት ነው።

የእንጨቱ ህትመት ግን ሌላ ነገር ነው። ሠዓሊው ራሱ ጣውላውን ይቀርጻል፣ ቀለም ያለብሰዋል፣ ወረቀት ይጫንበታል። 7/25 ማለት ከ25 ቅጂ ሰባተኛው ነው፤ ስለዚህ ቅጂ ቢሆንም ኦሪጅናል ነው። ወረቀቱን ገልብጠሽ በጣትሽ ዳሰስ አድርጊው፣ አብዛኛውን ጊዜ የተጫነበት ቦታ ይታወቃል። ጥቁሩም አጉልተሽ ስታዪው ድፍን ነው የሚሆነው፣ ነጠብጣብ የለውም። ቁጥሩና ፊርማው በእርሳስ መሆኑም ጥሩ ምልክት ነው። እኛ አገር ይሄ ሙያ ቀላል ታሪክ የለውም። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋመው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሃንሰን ባሂያ የሚባል ጀርመናዊ የእንጨት ህትመት ያስተምር ነበር፤ ዘሪሁን የትምጌታን የመሰለ ሠዓሊ ከእሱ ነው የተማረው። በእኔ አስተያየት ለጀማሪ ከህትመት የተሻለ በር የለም። ሰው ግን ሁልጊዜ ዘይት ቀለም ካልሆነ ሥዕል አይመስለውም፣ ምን ይደረጋል።

ወስፌ፦
ስለ ብራናው እኔ ልናገር። ቆዳው አሮጌ ሊሆን ይችላል፣ ሥዕሉ ግን አዲስ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ለቱሪስት ከሚሸጠው ውስጥ ብዙው እንዲህ ነው የሚሠራው፦ ከአሮጌ መጽሐፍ ቅጠል ይገነጠላል፣ ጽሑፉ ላይ ቀለም ይቀባል፣ ከዚያ በጭስም በሻይም ያጠይሙታል። አንድ ሥዕል ለመሸጥ አንድ መጽሐፍ ይበላሻል ማለት ነው።

ይዘሽው ወደ ብርሃን ውጪ። ከጀርባው የስልክሽን መብራት አብሪበት። ጸሐፊ ከመጻፉ በፊት ዳር ዳሩን በወስፌ እየወጋ፣ ያለ ቀለም መስመር እየጫነ ነው የሚያሰምረው፤ ሥዕሉ በእነዚያ መስመሮች ላይ ዝም ብሎ የተለቀለቀ ከሆነ ጠርጥሪ። ብል የበላው ቀዳዳ ካለ ደግሞ ጠርዙን እዪው። ቀለሙ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ከሆነ ቀለሙ የመጣው ከብሉ በኋላ ነው። ይሄን ማንም ነጋዴ ሊያስተባብለው አይችልም። መጥቆርና መቆሸሽ ግን ማስረጃ አይደለም፣ እሱን በአንድ ከሰዓት በኋላ መሥራት ይቻላል።

እውነተኛውን ሳታዪ አትግዢ። አዲስ አበባ ስትሄጂ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ገብተሽ የድሮ ሥዕሎቹን ቆመሽ እዪ። ዓይንሽ አንዴ ከለመደ ግማሹን ነገር እሱ ይነግርሻል።

ሰው ሁሉ ፈሪ፦
እኔ በዚህ አልስማማም። አሮጌ ነገር ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። 22 ሺህ ዛሬ ምን ይገዛል? ከወደደችው ትውሰደው። ሁሉንም ጥርጥር ካደረግን ማንም ምንም አይገዛም።

የዲላው፦
ሰው ሁሉ ፈሪ፣ ወንድሜ፣ እውነተኛ ከሆነ እኮ ነገሩ ይብሳል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። ቅርስ በእጁ ያለ ሰው ማስመዝገብ አለበት፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው። ስለዚህ ልጄ፣ ሰውየው ልክ ከሆነ ጣጣ ገዛሽ፣ ከዋሸ ደግሞ በ22 ሺህ ብር ሻይ የተነከረ ቆዳ ገዛሽ። ካናዳ የሚባለውንም ነገር እህትሽ ሻንጣ ከማዘጋጀቷ በፊት ቅርስ ባለሥልጣን ይጠየቅ። አዲስ የተሠራ ነገር ቢሆን እንኳ ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጽ ወረቀት መያዝ ኤርፖርት ላይ ከመጨቃጨቅ ያድናል።

እኔን ግን ያንገበገበኝ አራተኛው ነው። ከኮንሶ የመጣ ትልቅ የእንጨት ምስል ካልሽ ዋካ ሊሆን ይችላል። ዋካ ለጌጥ የሚቀረጽ አይደለም። ጀግና ሲሞት እሱን፣ ሚስቶቹን፣ የገደለውን ጠላትና አውሬ እየቀረጹ የሚያቆሙት የመቃብር መታሰቢያ ነው። ብዙው ከቆመበት እየተነቀለ ተሰርቋል። ከሌባ የተያዙት ኮንሶ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ሄደሽ ብታያቸው አንጀትሽን ይበሉታል። አካባቢው በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው። እኛም ጌዴኦ ትክል ድንጋዮቻችን በ2016 መጀመሪያ ሲመዘገቡ ደስታችን ሌላ ነበር፣ እና አንድ ሰው ከጨልባ ቱቲቲ ድንጋይ ነቅሎ በባጃጅ ቢያዞር ምን እንደሚሰማኝ አስቢው። እግሩን ገልብጠሽ እዪ። አፈር የበላው፣ የበሰበሰ ጫፍ ካለው መሬት ውስጥ ቆሞ የነበረ ነው። ያን ጊዜ ዋጋ አትጠይቂ፣ ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ ተናገሪ።

የአቶቴ ልጅ፦
ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ዛሬ ከሥራ ስወጣ ሄጄ ሁሉንም ደግሜ አየኋቸው።

ብራናውን ከጀርባ አበራሁበት። ከፈረሱ ሆድ ሥር ቀይና ጥቁር ፊደል ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ «ወይቤ» የሚለው ይነበባል፣ ቀሪው ቀለም በልቶታል። ዳር ላይ አንዲት የብል ቀዳዳ አለች፣ ውስጧ እንዳለ አረንጓዴ ነው። ሰውየውን ሳሳየው «ድሮ እንዲህ ነበር የሚሠራው» አለኝና ሳልጠይቀው ወደ 12 ሺህ ወረደ 😀

የእንጨቱ ምስል እግር በሲሚንቶ ተለስኗል። ለምን ስለው «እንዲቆም ነው» አለ። ጋሼ እንዳሉኝ ለቢሮው እነግራለሁ። የገበያ ሴቶቹን ህትመት ገልብጬ ዳሰስኩት፣ የነጠላዋ ጥለት ከጀርባ በጣት ይቆጠራል! እሱን በ5 ሺህ ተስማማን። የቀረውን ብር ምን ላድርገው? ዘመን ዘመኑን የመሰብሰብ ሐሳቤስ ሊቀር ነው?

ብሩሽና ቡና፦
ለምን ይቀራል? የሠዓሊውን ስም፣ የተሠራበትን ዓመት፣ ከማን በስንት እንደገዛሽ ወረቀት ላይ አስፈርሚና ከሥራው ጋር አስቀምጪ። ሰውየው የሠዓሊውን ስልክ ካለው ተቀበዪውና ደውለሽ አረጋግጪ። በሕይወት ያለ ሠዓሊ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው፣ ይጠየቃል።

ለ«ድሮ» ፍላጎትሽ ደግሞ በጨርቅ ላይ የሚሳለውን ባህላዊ ሥዕል ፈልጊ። የንግሥት ሳባ ታሪክ በረድፍ በረድፍ፣ ወይ የዓድዋ ጦርነት። ከአያት ወይም ከአባት ቤት የወረሱትን የሚሸጡ አሉ፤ ከየት እንደመጣ ሊነግርሽ ከሚችል ሰው ብቻ ውሰጂ። ስታዪ ፊቶቹን ልብ በዪ፦ የእኛ ሰዎች ሁለት ዓይናቸው ይታያል፣ ጣልያኖቹ በጎን ባለ አንድ ዓይን ናቸው። አሳሳሉ ራሱ ማን ወዳጅ ማን ጠላት እንደሆነ ይነግርሻል። ለአሁን ዘመን ደግሞ ክረምት መግቢያ ላይ የአለ ፈለገ ሰላም ትምህርት ቤት ተመራቂዎች ኤግዚቢሽን ያቀርባሉ። እዚያ በጥሩ ዋጋ ጥሩ ነገር ይገኛል። በአውቶቡስ ይዘሽ የምትመጪ ከሆነ ሸራውን ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ ወፈር ባለ ቱቦ ላይ ጠቅልዪው። ሰው ሁሉ ቀለሙን ወደ ውስጥ አድርጎ ይጠቀልልና ሲፈታው ተሸብሽቦ ያገኘዋል።

ሳሎን በሐይቅ ዳር፦
እኔም የምኖረው ሐይቁ ዳር ነው፣ የእርጥበቱን ልንገርሽ። ውጭውን በሚነካ ግድግዳ ላይ አትስቀዪ፣ በውስጠኛው አድርጊው። ከፍሬሙ ጀርባ አራቱም ማዕዘን ላይ የጠርሙስ ቡሽ ቆርጠሽ ለጥፊ፤ አየር ይገባል፣ ግድግዳው አይነካውም። ፍሬም ሠሪው ህትመቱን ካርቶን ላይ በኮላ እንዳይለጥፍብሽ ቁሚበት! ስኮችም አይሁን። መስታወቱ ወረቀቱን እንዳይነካ ዙሪያውን ፓስፓርቱ (በወረቀቱና በመስታወቱ መሃል የሚገባ የካርቶን ክፈፍ) ያስገባልሽ፤ አለዚያ ክረምት ላይ ቀለሙ ከመስታወቱ ጋር ይጣበቃል። ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ቦታም አይሆንም።

ወደፊት የእንጨት ቅርጽ ከገዛሽ ከሥሩ ነጭ ወረቀት አንጥፊ። ጠዋት ዱቄት የመሰለ ነገር ካገኘሽ ነቀዝ አለው። ቀለም የሌለው ትንሽ ቅርጽ ከሆነ በላስቲክ አሽገሽ ጥልቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለሁለት ሳምንት አስቀምጪው፣ መብራት ካልጠፋ ማለቴ ነው። ስታወጪው ላስቲኩን ወዲያው አትፍቺ፣ ሙቀቱ እስኪስተካከል አንድ ቀን ይቆይ።

የአቶቴ ልጅ፦
ቡሹን ከየት ነው የምታገኚው?

ሳሎን በሐይቅ ዳር፦
ሠፈርሽ ያለ ሆቴል ጠይቂ፣ የወይን ጠርሙስ ቡሽ በነፃ ነው የሚሰጡሽ።