ከርቀት ለሚሠሩ ባልደረቦች የፍለጋ ጨዋታ በኢንተርኔት እንዴት ይዘጋጃል?

ጥያቄ (የቡድን አስተባባሪ)

እንደምን አላችሁ? 24 አባላት ያሉትንና ሁሉም ከየቤታቸው የሚሠሩበትን ቡድን አስተባብራለሁ። አብዛኞቹ ከሥራ ስብሰባ ውጭ ተነጋግረው አያውቁም፤ አዲስ የገቡት ደግሞ የአንዳንዱን ባልደረባ ድምፅ እንኳ በቅጡ አይለዩም። ስለዚህ በዙም የፍለጋ ጨዋታ ላዘጋጅላቸው አስቤያለሁ። በብዛት የማየው አስተባባሪው የዕቃ ስም እየጠራ፣ ዕቃውን ቀድሞ ወደ ካሜራ ያቀረበ ሰው ነጥብ የሚያገኝበትን ዓይነት ነው። ይህ ለማዘጋጀት ቢቀልም ፈጣኖችና ደፋሮች ብቻ የሚታዩበት፣ ዝምተኞች ደግሞ ይበልጥ ዝም የሚሉበት ይመስለኛል። ሰዎች በእርግጥ እንዲነጋገሩ የሚያደርግ አዘገጃጀት የምታውቁ፣ የሚፈጀውን ጊዜና የጥያቄዎቹን ዓይነት ብትነግሩኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው። ከአባላቱ መካከል እስከ 7 ሰዓት የሚደርስ የሰዓት ልዩነት ያላቸው እንዳሉም ከግምት አስገቡልኝ።

መልስ (የሥልጠና ባለሙያ)

ስጋትዎ ትክክል ነው። ችግሩ ግን የሚመነጨው መልሱን አንድ ሰው ብቻውን ሊያገኘው ከመቻሉ ነው። አንድ ዓይነት ጥያቄ ለሁሉም ከቀረበ ፈጣኑ ይመልሳል፣ የቀሩት ይመለከታሉ። ስለዚህ ፍንጩን ከፋፍለው ለእያንዳንዱ ሰው የድርሻውን ቁራጭ ብቻ በግል መልእክት ይላኩለት። ያን ጊዜ ዝምተኛው በእጁ ያለውን ካልተናገረ ቡድኑ አንድ እርምጃ አይራመድም።

ለምሳሌ አራት ሰዎች ባሉበት ቡድን ለአንደኛው «ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ጨረቃን የረገጠበት ዓመት»፣ ለሁለተኛው «የበርሊን ግንብ የተከፈተበት ዓመት»፣ ለሦስተኛው «ከትልቁ ትንሹን ቀንሱ» የሚል ይላካል፤ አራተኛው የኬሚካል ንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ ይይዛል። ከ1989 ላይ 1969 ሲቀነስ 20 ይመጣል፤ በሰንጠረዡ 20ኛው ንጥረ ነገር ካልሲየም ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ካልሲየም ያለበትን አንድ ነገር ከቤቱ ፈልጎ ያሳያል። አንዱ ወተት፣ ሌላው የእንቁላል ቅርፊት፣ ልጆች ያሉት ደግሞ ጠመኔ ይዞ ብቅ ሲል ወሬው ያለ ማንም ግፊት ይጀመራል። ዕቃን በስም ከመጥራት ይልቅ በባሕርዩ መጠየቅን የምመርጠውም ለዚህ ነው፦ ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ዕቃ እንዲኖረው አያስገድድም።

24ቱን ሰዎች በአራት በአራት ከፍለው በስድስት ብሬክአውት ሩሞች (ዙም ውስጥ ስብሰባውን ለትንንሽ ቡድኖች የሚከፋፍሉ ክፍሎች) ያስገቧቸው። ቁጥሩ ከአምስት ካለፈ ሰው መደበቅ ይጀምራል። ምደባውን ለዙም የዘፈቀደ ክፍፍል አይተዉት፤ በየቀኑ አብረው የሚሠሩትን ለያይተው፣ የማይተዋወቁትን አገናኝተው አስቀድመው ይመድቡ። ጨዋታው 35 ደቂቃ ያህል ቢወስድ ይበቃል፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ዋናው ክፍል ተመልሰው ያመጡትን ለማሳየት ቢያንስ 15 ደቂቃ ይተዉላቸው፤ እኔ ከሁሉ የምሳሳለት ለዚህ ክፍል ነው። ነፃው ዙም 40 ደቂቃ ላይ ስለሚቋረጥ የሚከፈልበት አካውንት ያስፈልግዎታል።

መልስ (የሶፍትዌር ባለሙያ)

ከላይ የቀረበው ምሳሌ እጅግ ጥሩ ነው፤ ሆኖም የዘመን አቆጣጠሩ በግልጽ ይጻፍ። የጨረቃው ጉዞ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በሐምሌ 1961፣ የግንቡ መከፈት ደግሞ በጥቅምት 1982 ስለሆነ ልዩነቱ 21 ይሆናል። 21ኛው ንጥረ ነገር ስካንዲየም ነው፤ እሱን በቤቱ የሚያገኝ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

መልስ መቀበያው ጎግል ፎርም (በኢንተርኔት የሚሞላ የጥያቄ ቅጽ) ቢሆን ይመቻል። ፎርሙን በክፍል በክፍል ከፋፍለው ለእያንዳንዱ ጥያቄ የመልስ ማረጋገጫ ቢያበጁለት፣ ትክክለኛው መልስ እስኪገባ ድረስ ወደ ቀጣዩ ክፍል አያሳልፍም፤ ስለዚህ የስድስቱን ቡድኖች መልስ ለብቻዎ ማረም አይጠበቅብዎትም። ነገር ግን በአማርኛ ሲያዘጋጁ ፎርሙ የሚቀበለው የጻፉለትን ፊደል ብቻ ነው። «ፀሐይ» ብለው ካስገቡ «ጸሀይ» ብሎ የጻፈው ቡድን በትክክለኛ መልስ ተሳስተሃል ይባላል። ስለዚህ የሚቻለውን ያህል መልሱ ቁጥር ይሁን፤ ካልሆነም ሁሉም አጻጻፎች ተቀባይነት እንዲኖራቸው አስቀድመው ያስገቧቸው። ጥያቄዎቹን ያላየ አንድ ሰው ደግሞ ከጨዋታው በፊት ሙሉውን ይሞክርልዎት። ለአዘጋጁ ግልጽ የሆነው ፍንጭ ለሌላው ጭራሽ የማይፈታ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ መንገድ ብቻ ነው።

መልስ (የሰው ኃይል ባለሙያ)

ስለ ቤት አንድ ነገር ልጨምር። በካሜራ የሚታየው የሥራ ቦታ ሳይሆን የሰው መኖሪያ ነው። አንዱ ሰፊ ቤት ይኖረዋል፣ ሌላው ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ክፍል ይኖራል። «የማቀዝቀዣችሁን ውስጥ አሳዩን» ወይም «ውድ ዕቃችሁን አምጡ» የሚሉ ትእዛዞች ኑሮን ከኑሮ ያነጻጽራሉ፤ የቤተሰብ ፎቶና መድኃኒትም ሊጠየቅ አይገባም። ለእያንዳንዱ የቤት ውስጥ ፍለጋ በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ አማራጭ ያዘጋጁ፣ ለሁለቱም እኩል ነጥብ ይስጡ። ተነሥቶ መሮጥ የማይችል ባልደረባ ምክንያቱን ሳያስረዳ አማራጩን መውሰድ መቻል አለበት።

ፎቶ የሚላክ ከሆነ ደግሞ የስልክ ካሜራ ፎቶው የተነሣበትን ቦታ በፋይሉ ውስጥ ሊመዘግብ ስለሚችል፣ ይህን ማስተካከያ እንዲያጠፉ አስቀድመው ይንገሯቸው። ተሳትፎው በፈቃድ ይሁን፤ የሚካሄደውም በሥራ ሰዓት ይሁን። ከሥራ በኋላ ግዴታ የሆነ ጨዋታ ድካም ይጨምራል እንጂ አያቀራርብም።

ጥያቄ (የቡድን አስተባባሪ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፍንጩን ከፋፍሎ መስጠት የሚለው ሐሳብ በጣም ገብቶኛል። የቀረኝ የሰዓቱ ልዩነት ነው። ለአንዱ ረፋድ ሲሆን ለሌላው የሥራ ቀኑ ያለቀ ይሆናል። ጨዋታውን ሁለት ጊዜ ላካሂደው ወይስ ለቀናት ክፍት ልተወው?

መልስ (የሥልጠና ባለሙያ)

ሁለት ጊዜ ካካሄዱት ቡድኑ እንደተከፈለ ይቀራል፤ በሩቅ ያሉት መቼም አይገናኙም። 7 ሰዓት ቢለያዩም የአንዱ የሥራ ቀን መጨረሻና የሌላው መጀመሪያ የሚገጥሙበት አንድ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል፤ እሱን ይፈልጉ፣ በግብዣውም ላይ ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት) ይጻፉት። ጭራሽ ካልተገኘ ጨዋታውን ለሦስት የሥራ ቀናት ክፍት ያድርጉትና ለእያንዳንዱ ቡድን በቴሌግራም ወይም በሥራ መልእክት መለዋወጫችሁ አንድ ግሩፕ ይክፈቱለት። በዚህ ጊዜ የፍጥነት ነጥብ ፈጽሞ አይኑር፤ ነጥቡ ለተሟላ መልስና ሁሉም ቁራጫቸውን ላካፈሉበት ቡድን ይሰጥ። ፍንጮቹንም በየቀኑ አንድ አንድ ይልቀቁ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተለቀቁ ቀድሞ የነቃው አገር ጨርሷቸው ይጠብቃል።