ካራቫን ስጎትት ጭራው ይወዛወዛል፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። በፒካፕ ካራቫን (ከመኪና ኋላ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤት) የጎተታችሁ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። በሰዓት እስከ 80 ኪሎ ሜትር ድረስ ችግር የለም። ከዚያ ካለፍኩ ግን፣ በተለይ ትልቅ የጭነት መኪና ሲቀድመኝ፣ ንፋሱ ካራቫኑን መጀመሪያ ይገፋዋል፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ጭነት መኪናው ይስበዋል፣ ከዚያ ጭራው ግራና ቀኝ መማታት ይጀምርና መሪው እጄ ላይ ቅልል ይልብኛል። ፍሬን አልረግጥም። ነዳጅ ለቀቅ አድርጌ መሪውን ቀጥ አድርጌ ስይዘው ይረጋጋል፣ ግን ቤተሰብ ጭኖ እንዲህ መንዳት በጣም ያስፈራል።

ከባድ ዕቃውን ከኋላ አንስቼ ካራቫኑ አክስል አካባቢ አድርጌዋለሁ። የጎማ ንፋስም አስተካክያለሁ። ተሻሻለ እንጂ አልጠፋም። መጎተቻው ኳስ ላይ (ካራቫኑ ከፒካፑ ኋላ የሚያያዝበት ቦታ) የሚያርፈው ክብደት ከካራቫኑ ክብደት 7 በመቶ ገደማ ነው። ከ10 እስከ 15 በመቶ ይሁን የሚሉ አሉ፣ ግን ስጨምር የፒካፑ ኋላ ይወርዳል፣ ፊቱ ይነሳል፣ የፊት ጎማዎቹም አስፋልቱን በደንብ አይዙም።

ክብደቱን ወደ ፊት የሚያከፋፍል መጎተቻ ልግጠም ወይስ ባሌስትራውን ላጠናክር? ባሌስትራ ኋላውን ከፍ ያደርገዋል እንጂ ከፊት የቀነሰውን ክብደት አይመልስም ባይ ነኝ። ሁለቱንም የሞከረ ካለ ልዩነቱን ይንገረኝ፣ በቅርቡ ረጅም መንገድ ይጠብቀኛል።