የማህበራችን ድረ ገጽ፦ ድሩፓል ወይስ ዎርድፕረስ? (ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም)

የማህበሩ ጸሐፊ፦ ጎረቤቶቼ፣ ሰላም ለሁላችሁ። የማህበራችን ድረ ገጽ የተሠራው ድሩፓል 7 በሚባል የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ነው። የዚህ እትም ድጋፍ ታህሳስ 2017 ዓ.ም. ላይ አብቅቷል። የደህንነት ማስተካከያ አይወጣለትም። አዲሱን ድሩፓል እንያዝ ወይስ ወደ ሌላው መሥሪያ፣ ወደ ዎርድፕረስ እንዙር? ሁለቱም ኦፕን ሶርስ (ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት) ናቸው፤ ፈቃድ አይገዛባቸውም።

ብሎክ 22፦ እኔ ዎርድፕረስ እላለሁ። ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚሠሩት በእሱ ነው። ሰፈራችን ውስጥ እንኳ የሚያውቁት ልጆች አሉ። ድሩፓል የሚችል ሰው ግን ወር ሙሉ ፈልጌ አጣሁ። የውሃ ፈረቃ ለመለጠፍ ባለሙያ መለመን ሰልችቶናል!

ብሎክ 9፦ ወንድሜ፣ አትቸኩል። እዚህ አማርኛም ኦሮምኛም የሚያነብ ነዋሪ አለ። ድሩፓል ከ8ኛው እትም ጀምሮ ብዙ ቋንቋ ማስተናገጃው አብሮት ይመጣል። ዎርድፕረስ ላይ ለዚህ ፕለጊን (ተጨማሪ ሥራ የሚያሠራ ቅጥያ ሶፍትዌር) መጫን ግድ ነው። ፕለጊን ሲበዛ ደግሞ ቀዳዳው ይበዛል። የምሠራበት መሥሪያ ቤት ገጽ ባልታደሰ አንድ ፕለጊን ተሰብሮ የቁማር ማስታወቂያ ሲሞላበት በዓይኔ አይቻለሁ። ስንት ቀን እንዳስለፋን እኔ ነኝ የማውቀው።

ብሎክ 5፦ ሌላው የድረ ገጽ መሥሪያ፣ ጁምላስ ለምን ተረሳ? እሱም ቋንቋውን ይዞ ነው የሚመጣው።

ብሎክ 22፦ እህቴ፣ የፕለጊኑ ነገር እውነት ነው። አንድ ለቋንቋ፣ አንድ ለባካፕ (ለመጠባበቂያ ቅጂ) ይጫን፤ ከዚያ በላይ ይቅር። ዎርድፕረስ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትንንሽ የደህንነት እድሳቶችን ራሱ ይጭናል። ደግሞ ከድሩፓል 7 ወደ አዲሱ መሻገር ተራ እድሳት አይደለም። ጽሑፉ ይተላለፋል እንጂ ገጽታው እንደ አዲስ ነው የሚሠራው። ያው ከዜሮ ከጀመርን የሚቀለንን እንያዝ።

ብሎክ 31፦ ልጆቼ፣ የድሮው ገጽ የቆመው በድሩፓል ጥፋት አይደለም። ፓስወርዱ በአንድ ሰው እጅ ነበር፣ ዶሜይኑም (የገጹ አድራሻ) በግል ስሙ። ሰውየው ቤት ቀይሮ ሲሄድ እኛ ተቆልፎብን ቀረን። ዶሜይኑም ሆስቲንጉም (ገጹ የሚቀመጥበት የሰርቨር ኪራይ) በማህበሩ ስም ይሁን። ፓስወርዱን ሦስት የኮሚቴ አባላት ይያዙት። ይህ ሳይሆን ገንዘብ አይውጣ።

ብሎክ 9፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት፤ በዚህ ሁላችንም እንስማማ። ስለ ቋንቋው ግን ገና አላመንኩም። ቅዳሜ ሁለቱንም ላፕቶፔ ላይ ጭኜ ማህበሩ ቢሮ እመጣለሁ። የውሃ ፈረቃውን በሁለቱም ቋንቋ ጸሐፊያችን ራሷ ትለጥፈው። እኔን ሳትጠይቅ በዎርድፕረስ ከጨረሰች፣ ድምፄን ለእሱ እሰጣለሁ።

የማህበሩ ጸሐፊ፦ እሺ፣ ከ4 ሰዓት ጀምሮ ቢሮ ነኝ።